የኦንላይን የሥራ ልምምድ ማንንም ሳያገልል እንዴት ይዘጋጅ?

መምህርት አካቶ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። ከ16 እስከ 18 ዓመት ዕድሜ ላላቸው 30 ተማሪዎች የሁለት ሳምንት የኦንላይን የሥራ ልምምድ እያዘጋጀን ነው። ዓላማው መሥሪያ ቤት ድረስ መመላለስ የማይችሉ፣ ወይም መሥሪያ ቤቱ ራሱ ሊቀበላቸው ያልተዘጋጀ ተማሪዎች ከእውነተኛ ሥራና ከባለሙያ ጋር እንዲገናኙ ነው። ከመካከላቸው ማየት የተሳነውና በስክሪን ሪደር (ስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ በሚያነብ ፕሮግራም) የሚሠራ አንድ ተማሪ፣ መስማት የተሳናቸውና በምልክት ቋንቋ የሚግባቡ ሁለት፣ ትኩረቷ ቶሎ የሚበተን አንዲት ተማሪ፣ እንዲሁም ከስልክ በቀር ኮምፒውተር የሌላቸው 12 ልጆች አሉ። አንዳንዶቹ ከሰዓት በኋላ ታናናሾቻቸውን ወይም የታመመ ዘመድ ይጠብቃሉ።

ፈቃደኛ የሆኑት ሦስት ድርጅቶች ናቸው፤ አንዱ የሒሳብ አገልግሎት፣ ሁለተኛው ኅትመትና ዲዛይን፣ ሦስተኛው የዕቃ ማከማቻና ሥርጭት። የላኩልን ዕቅድ አንድ ዓይነት ነው፦ በየቀኑ የሦስት ሰዓት የቪዲዮ ስብሰባ፣ የመሥሪያ ቤት ጉብኝት ቪዲዮ፣ መጨረሻ ላይ የተማሪዎች ገለጻ። ይህ ዕቅድ የትኛውን ተማሪ የቱ ጋ እንደሚያስቀር ሳንጀምር አውቀን ማስተካከል እንፈልጋለን። ከየት ልጀምር?


የልምምድ አስተባባሪ

መምህርት፣ ከመሣሪያው በፊት ዕቅዱ ራሱ መታየት አለበት። የላኩልዎ ስለ ሥራ የሚደረግ ገለጻ እንጂ የሥራ ልምምድ አይደለም። ሦስት ሰዓት ስክሪን ላይ አፍጥጦ መስማት ጥሩ ኔትወርክና ጸጥ ያለ ክፍል ላለው ልጅም ይከብዳል፤ ለቀሩት ደግሞ ከመጀመሪያው የተዘጋ በር ነው። ልምምድ የሚባለው ተማሪው ሥራ ተቀብሎ፣ ሠርቶ፣ ለሚፈልገው ሰው አስረክቦ፣ አስተያየት ሰምቶ ሲያርም ነው። እነዚህ ካሉ በቀን የ30 ደቂቃ ስብሰባ ይበቃል።

ስለዚህ ድርጅቶቹን «ምን ታስተምሩልናላችሁ?» ብለው አይጠይቁ። «ጊዜ አጥታችሁ ያቆያችሁት፣ ለአንድ ጀማሪ ከ4 እስከ 6 ሰዓት የሚወስድ፣ ቢሳሳትም ጉዳት የማያመጣ ምን ሥራ አላችሁ?» ይበሏቸው። ማከማቻው 60 መስመር ያለው የዕቃ ዝርዝር ይስጥ፤ ተማሪው የተደጋገመውን፣ መለኪያ ያልተጻፈለትን፣ ስሙ በሁለት መንገድ የተጻፈውን ለይቶ ያውጣ። የሒሳብ ድርጅቱ ስምና ስልክ የጠፋባቸው 40 ደረሰኞች ይላክ፤ ተማሪው በወጪ ዓይነት መድቦ ከመዝገቡ ጋር የማይገጥሙትን ያሳይ። ኅትመቱ የአንድ በራሪ ወረቀት ጽሑፍ ይስጥ፤ ታርሞ በ150፣ በ60 እና በ20 ቃላት እንደገና ይጻፍ። የደንበኛ መረጃ ያለበት ሰነድ እውነተኛው እንዳይላክ፣ በተፈጠሩ ስሞች ተተክቶ እንዲመጣ አስቀድመው በጽሑፍ ይስማሙ።

ለየሥራው የአንድ ገጽ መመሪያ ይዘጋጅ። ሥራው ለማን እንደሚጠቅም፣ ምን እንደሚረከብ፣ መቼ፣ ጥያቄ ሲኖር ለማን እንደሚላክ ይጻፍበትና ተሠርቶ ያለቀ አንድ ናሙና ይያያዝ። ናሙናው ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ ሆኖም ለብዙ ተማሪዎች ትልቁ እንቅፋት «ጥሩ ሥራ» ምን እንደሚመስል አለማወቅ ነው። ቤቱ ውስጥ ቢሮ የሚሠራ ሰው ያለው ልጅ ይህን ሰምቶ ያድጋል፤ ሌላው አልሰማም። መመሪያው ላይ የርክክቡ መልክ አንድ ብቻ አይሁን፦ በጽሑፍ፣ በድምፅ ቅጂ ወይም በምልክት ቋንቋ ቪዲዮ። «ታዲያ በምን እኩል እንለካለን?» ይሉዎታል። መለኪያው ይዘቱ ነው፤ ስንት ስሕተት አገኘ፣ ምክንያቱን አስረዳ ወይ፣ አስተያየቱን ተቀብሎ አረመ ወይ።

የጊዜ አከፋፈሉን በተመለከተ፣ ከልምምዱ በፊት ባለው ሳምንት እያንዳንዱ ተማሪ በራሱ ስልክ ወይም ኮምፒውተር የ20 ደቂቃ ሙከራ ያድርግ፤ ይግባ፣ አንድ ፋይል ይክፈት፣ አንድ ነገር ይላክ። ሰኞ ሥራው ይሰጥ፤ ማክሰኞና ረቡዕ ይሠራ፤ ሐሙስ ረቂቅ ይግባ፤ ዓርብ አስተያየት ይምጣ። ሁለተኛው ሳምንት ለእርማትና በሦስት በሦስት ሆኖ ለሚሠራ ሰፋ ያለ ሥራ ነው። ጊዜ ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው የዓርቡ አስተያየት ነው። እሱ ከተቆረጠ የቀረው የቤት ሥራ ብቻ ስለሚሆን አጥብቀው ይያዙት።

አንድ ባለሙያ ከ5 ወይም 6 ተማሪ በላይ አይያዝ። ለ30 ልጆች ከሦስቱ ድርጅቶች በድምሩ ከ5 እስከ 6 ሰው ያስፈልጋል፤ እያንዳንዳቸው በቀን ግማሽ ሰዓት ያህል። መልእክት ሁሉ መምህር ባለበት የጋራ ቡድን ውስጥ ይሁን፤ በግል ስልክ መጻጻፍ ከመጀመሪያው ይከልከል። ዕድሜያቸው ለአካለ መጠን ያልደረሰውን ለመቅረጽም የወላጅ ፈቃድ ያስፈልጋል።


ማውሱን ንቀሉት

በስክሪን ሪደር ለሚሠራው ተማሪ ልመልስ። እንቅፋቱ ያለው ድርጅቶቹ በሚልኩት ፋይል ላይ ነው፤ ከስብሰባው ፕሮግራም ይልቅ ፋይሉ ብዙ ሰው ያስቀራል።

ደረሰኞቹ ስካን ተደርገው በፒዲኤፍ ከመጡ ለስክሪን ሪደር ባዶ ገጽ ናቸው፤ ፎቶ እንጂ ፊደል የለባቸውም። ለመፈተን ፋይሉን ይክፈቱና አንድ ቃል በማውስ ለመምረጥ ይሞክሩ፤ ካልተመረጠ አይነበብም። ለዚህ ሥራ 40ዎቹ ደረሰኞች በሰንጠረዥ ቢተየቡ ይሻላል፤ ቀን፣ የዕቃ ዓይነት፣ መጠን፣ ዋጋ። ይህ በስልክ ለሚሠሩትም ፎቶ እያጎሉ ከመፈለግ ያድናቸዋል።

በአማርኛ ሰነድ ላይ ሌላ ችግር አለ። የግዕዝ ፊደል ኮምፒውተሮች ፊደላትን በጋራ በሚለዩበት ሥርዓት፣ በዩኒኮድ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት በተሠሩ ፎንቶች የተተየበ ጽሑፍ ለዓይን አማርኛ ቢመስልም ውስጡ የላቲን ምልክት ስለሆነ ስክሪን ሪደሩ ትርጉም የለሽ ድምፅ ያወጣል። የኅትመት ቤቶች የቆዩ ፋይሎች ላይ ይህ ያጋጥማል። ጽሑፉን ቀድተው ተራ የጽሑፍ ማስታወሻ ላይ ይለጥፉት፤ ወደ ላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ከተቀየረ እንደገና መተየብ ወይም በመለወጫ ፕሮግራም ማለፍ አለበት።

ኤክሴል ላይ የተዋሐዱ ሴሎች አይኑሩ፤ በቀስት ሲዞሩ የአምዱ ርእስ ከቁጥሩ ይለያያል። ርእሶቹ በመጀመሪያው ረድፍ ብቻ ይሁኑ። «ቀይ የተቀቡት የጎደሉ ናቸው» የሚል መመሪያ አይሠራም፤ «ሁኔታ» የሚል አምድ ጨምረው «ጎደለ» ብለው ይጻፉ። ዎርድ ላይ ርእስን ደመቅ አድርጎ መጻፍ አይበቃም፣ የርእስ ስታይል ይመረጥለት፤ የስክሪን ሪደር ተጠቃሚው ከርእስ ወደ ርእስ የሚዘለው በዚያ ነው። የጽሑፍና የጀርባ ቀለም ንጽጽር ቢያንስ 4.5 ለ1፣ ለትልልቅ ፊደል 3 ለ1 ይሁን። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ በመካከለኛ ደረጃው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ዲዛይነሮች የሚወዱት ነጭ ላይ ቀጭን ግራጫ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ይወድቃል።

የሚፈተነው እንዲህ ነው። ማውሱን ንቀሉ። በታብ፣ በሺፍት ታብ፣ በኢንተርና በስፔስ ብቻ ከመግቢያው እስከ ማስረከቢያው ይሂዱ። የቆማችሁበት ቦታ ካልታየ ወይም አንድ ቁልፍ ላይ ከተቀረቀራችሁ እዚያው ጋ ልጁም ይቆማል። ቀጥሎ ኤንቪዲኤ የተባለውን ስክሪን ሪደር ዊንዶውስ ላይ ጫኑ፤ ነጻ ነው። አብሮት የሚመጣው ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ድምፅ አማርኛ ያነባል። አነጋገሩ ደረቅ ስለሆነ ለማያውቀው ጆሮ ይከብዳል፤ ለዚህ «ስፒች ቪወር» የሚል መስኮት በመሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ አለ፣ የሚናገረውን በጽሑፍ ያሳያችኋል። ባለሙያው አንድ ጊዜ ይህን መስኮት ቢያይ ከረጅም ማብራሪያ በላይ ይገባዋል።

በስብሰባ ላይ ስክሪን ማጋራት ለስክሪን ሪደር ምስል ነው፣ አይነበብም። የሚታየው ፋይል ከአንድ ቀን በፊት ይላክ፤ ተናጋሪውም «ይህኛው እዚህ ጋ» በማለት ፈንታ «ረድፍ 14፣ ዋጋ የሚለው አምድ» ይበል። ተለጣፊ ወረቀት የሚለጠፍባቸው የጋራ ነጭ ሰሌዳዎች ለስክሪን ሪደር አስቸጋሪ ናቸው፤ ያንኑ ሥራ በጋራ ሰነድ ላይ በተራ ቁጥር ማድረግ ይቻላል። ዙም ከሆነ ልጁ በዊንዶውስ ላይ አልትና ኤ ማይክ፣ አልትና ዋይ እጅ ማንሻ እንደሆኑ ካወቀ ማንንም ሳይጠይቅ ይሳተፋል።


እጅና ቃል

ስለ ሁለቱ መስማት የተሳናቸው ተማሪዎች።

አስተርጓሚ ሁለት ያስፈልጋል። በየ20 ደቂቃው ካልተቀያየሩ ድካሙ ትርጉሙን ያበላሻል፤ ይህም መጀመሪያ የሚታየው ዝርዝሩ ሲዘለል ነው። ቃላቱና ሰነዶቹ ከ48 ሰዓት በፊት ይድረሷቸው። «ዴቢት»፣ «የክምችት ቆጠራ»፣ «የገጽ ህዳግ» የመሳሰሉት የተስማማ ምልክት ላይኖራቸው ስለሚችል ከተማሪዎቹ ጋር ተነጋግረው መወሰን አለባቸው። ለዚህ የሩብ ሰዓት ቅድመ ስብሰባ ይበቃል።

በቪዲዮ ስብሰባ ብዙ የሚበላሸው የአስተርጓሚው መስኮት ነው። ስክሪን ሲጋራ የሰው ምስል ወደ ጠርዝ ይጠበብና ጣቶቹ አይለዩም። ተማሪው አስተርጓሚውን «ፒን» ማድረግ (በትልቁ እንዲታይ ማጽናት) እንዲችል ስብሰባውን የከፈተው ሰው አስቀድሞ ይፈትሽ። በስልክ ከሆነ ሰነዱንና አስተርጓሚውን በአንድ ላይ ማየት ስለማይቻል ተናጋሪው «አሁን ሰነዱን ተመልከቱ» ብሎ ዝም ይበል፤ አንብበው ሲያበቁ ይቀጥል። ትርጉም ከንግግሩ ጥቂት ሰከንድ ወደ ኋላ ይቀራል፤ «ጥያቄ አለ?» ብሎ ወዲያው ማለፍ እነዚህን ተማሪዎች ከጥያቄ ማስወጣት ነው። እስከ አስር ይቁጠር።

ትንንሽ ክፍሎች ውስጥ ሲከፋፈሉ አስተርጓሚ አብሮ ካልተመደበ ልጁ ብቻውን ዝም ካሉ አፎች ጋር ይቀራል። ወይ አስተርጓሚ ይመደብ፣ ወይ የዚያ ቡድን ውይይት በሙሉ በጽሑፍ ይሁን። ሁለቱን ተማሪዎች አንድ ቡድን ውስጥ ማድረግ ለአስተርጓሚ ይቀላል፤ ግን ልጆቹን ሳይጠይቁ አይወስኑ። ቀረጻ ላይ ደግሞ ፕሮግራሙ ድምፅ የሚያወጣውን ሰው ብቻ ስለሚከተል አስተርጓሚው ከቪዲዮው ይጠፋል። የቀረጻ ምርጫው ሁሉንም ሰው በአንድነት ወደሚያሳየው ካልተቀየረ ያ ቪዲዮ ለእነሱ አይጠቅምም።

የግርጌ ጽሑፍ የምልክት ቋንቋን አይተካም፤ ለብዙዎች የምልክት ቋንቋ የመጀመሪያ ቋንቋቸው ነው፣ ጽሑፉ ሁለተኛ። ሁለቱም ይኑሩ። አማርኛን በራሱ ጊዜ የሚጽፍ መሣሪያ ላይ ሙሉ በሙሉ አይተማመኑ፤ የሙያ ቃላትና ስሞችን ያበላሻል፣ ሰው ማረም አለበት። የ10 ደቂቃ ቪዲዮ ጽሑፉን አስገብቶ ከጊዜው ጋር ማስተካከል አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ረጅሙን የጉብኝት ቪዲዮ ይተዉትና ሦስት ሦስት ደቂቃ የሚሆኑ ሦስት ቁርጥራጮች ይጠይቁ፦ ዕቃ ሲረከቡ፣ ሲቆጥሩ፣ ሲጭኑ።


መምህርት አካቶ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ስካን ደረሰኞቹ ትክክል ናችሁ፤ ድርጅቱ ሊልክ ያሰበው እነሱን ነበር። የቀሩኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። በስልክ ብቻ የሚሠሩት 12 ልጆች ዳታቸው ውስን ነው፤ ምን ያህል ብንመድብላቸው ይበቃል? ካሜራስ ግዴታ ይሁን? ድርጅቶቹ «ማንን እንደምናነጋግር ማየት አለብን» ይላሉ።


ቆጣቢ መስመር

ሒሳቡ አስቸጋሪ አይደለም። ፍጥነቱን በኪሎቢት በሰከንድ ያውቁና በ3600 አባዝተው ለ8 ያካፍሉ፤ የሚወጣው በሰዓት የሚበላው ኪሎባይት ነው። በ64 ኪሎቢት የሚሄድ የድምፅ ስብሰባ በሰዓት 29 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል። በ600 ኪሎቢት የሚሄድ መጠነኛ ቪዲዮ 270 ሜጋባይት። በ1500 ኪሎቢት ደግሞ 675። ድርጅቶቹ ያቀረቡት የሦስት ሰዓት ቪዲዮ ለ10 ቀን በዝቅተኛው ስሌት እንኳ ለአንድ ልጅ 8 ጊጋባይት ይጠይቃል። የአስተባባሪው ዕቅድ፣ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በድምፅ ብቻ ከሆነ ለ10 ቀን 145 ሜጋባይት ያህል ነው። ፋይልና መልእክት ሲጨመርበት ለአንድ ተማሪ 500 ሜጋባይት ብትመድቡ ትርፍ ይኖረዋል። መስማት የተሳናቸው ሁለቱ ግን ቪዲዮ የግድ ስለሚያስፈልጋቸው የእነሱ በጀት በ600 ኪሎቢት ተሰልቶ ለብቻ ይያዝ፤ ወደ 1.5 ጊጋባይት። ጥራቱን ለመቆጠብ ሲባል የእነሱን ቪዲዮ ዝቅ ማድረግ እጁን ማደብዘዝ ነው።

የሳምንቱን ቁሳቁስ በአንድ ጥቅል፣ ከ20 ሜጋባይት በታች አድርጋችሁ ዓርብ ላይ ላኩ፤ ልጆቹ ነጻ ኔትወርክ ባገኙበት ያውርዱት። የድምፅ ማብራሪያ ኦፐስ በተባለው የድምፅ ፋይል ዓይነት በ24 ኪሎቢት ሲቀረጽ ለ10 ደቂቃ 1.8 ሜጋባይት ብቻ ነው፣ ለንግግር ጥራቱ በቂ ነው። ፎቶ ስፋቱ 1200 ፒክስል ይሁንና በጄፔግ ይቀመጥ። የሦስት ደቂቃ ቪዲዮ በ500 ኪሎቢት 11 ሜጋባይት ይሆናል፤ ስለዚህ በአንድ ጥቅል ከአንድ በላይ ቪዲዮ አይግባ። ሙድል የተባለውን የኦንላይን ትምህርት መድረክ የምትጠቀሙ ከሆነ የስልክ መተግበሪያው ትምህርቱን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት ያደርጋል።

ስልክ ላይ የማይሆነውን አታስገድዱ። 60 ረድፍ በ7 አምድ ሰንጠረዥ በጣት እየገፉ ማረም ያደክማል፣ ስሕተቱም ከልጁ ችሎታ ሳይሆን ከስክሪኑ ጥበት ይመጣል። ያንኑ ዝርዝር 15 15 ረድፍ በሆኑ አራት ክፍሎች፣ በሦስት አምድ ብቻ አቅርቡት፤ መልሱም «ረድፍ 9፣ ተደጋግሟል» ተብሎ በመልእክት ይጻፍ። ስልኩ የቤተሰብ የጋራ ሊሆን ስለሚችል የማስረከቢያ ሰዓት «እስከ ማታ 3 ሰዓት» እንጂ «10 ሰዓት ላይ ሁላችሁም» አይሁን። ከሰዓት በኋላ ሰው የሚንከባከቡትም የሚተርፉት በዚሁ ነው። የጋራ ስልክ ላይ ሥራውን ሲጨርሱ ከአካውንታቸው መውጣት እንዳለባቸው በሙከራው ጊዜ አሳዩአቸው።

ካሜራ ግዴታ አይሁን። ዳታ ይበላል፣ ቤትን ያጋልጣል፣ ትኩረቷ ለሚበተነው ተማሪ ደግሞ የራሷንና የ30 ሰው ፊት እያዩ መስማት ተጨማሪ ጫና ነው። ድርጅቶቹ ማወቅ የሚፈልጉት ከማን ጋር እንደሚሠሩ ከሆነ እያንዳንዱ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን የአምስት መስመር ማስተዋወቂያ ይላክ፤ በጽሑፍ፣ በድምፅ ወይም በምልክት። ለዚያችው ልጅ መመሪያው ተራ በተራ ይምጣላት፤ አንዱን ስታስረክብ ቀጣዩ ይላክ። የስብሰባው አጀንዳ ከነደቂቃው በዋዜማው ይድረሳት።


ሙሉ በር

እስካሁን የተባለው ሁሉ ይጠቅማል፤ አንድ አደጋ ግን ሳይነሳ እንዳያልፍ። የኦንላይን ልምምድ ከተሳካ ድርጅቶች አካል ጉዳተኛውን ተማሪ «ለአንተ ኦንላይን አለልህ» ማለት ይጀምራሉ፤ ሌላው ግን በአካል ይገባል። ያን ጊዜ ለማካተት የተሠራው ነገር መለያ አጥር ይሆናል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2006 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 ስለ አካቶ ትምህርት፣ በአንቀጽ 27 ከሌሎች ጋር በእኩልነት ስለ መሥራት ይናገራል። ለብቻ ተለይቶ መሥራትን አይልም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ጨምሩ። አንደኛ፣ ኦንላይኑ የ30ዎቹም ይሁን። ሁለተኛ፣ በሁለቱ ሳምንታት ለየተማሪው ምን ማመቻቸት እንደሠራ በግማሽ ገጽ ይጻፍ፤ «ሰነድ ከአንድ ቀን በፊት በዎርድ፣ የቃል መመሪያ በጽሑፍ ሲደገም፣ የ10 ደቂቃ ተጨማሪ ጊዜ» በሚል ዓይነት። ጽሑፉ የተማሪው ንብረት ነው፣ ለማን እንደሚያሳየው እሱ ይወስን፤ የሕክምና ታሪክም አይግባበት። ከዚያ ድርጅቱ ይህን ይዞ ለሁለትና ሦስት ቀን በአካል እንዲቀበለው ጠይቁ። ማከማቻው ውስጥ ዕቃ ማንሳትና መደርደር፣ የማተሚያ ማሽን ድምፅና ሽታ በስክሪን አይለመዱም። 360 ዲግሪ ቪዲዮና የቪአር (የምናባዊ እውነታ) መነጽር አሉ ቢባልም አንዳንዱን ሰው ያዞራሉ፣ ማየት ለተሳነው ምንም አይሰጡም፤ ገንዘቡ ለሁለተኛ አስተርጓሚ ቢውል እመርጣለሁ።


የልምምድ አስተባባሪ

በግማሽ ገጹ ማስታወሻ ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ፤ የዓርቡ አስተያየት ላይ አብሮ ይሞላ፣ ለብቻው ቅጽ ከሆነ ይረሳል። በአንድ ነገር ግን እለያለሁ፦ በአካል መሄዱን ለኦንላይኑ ቅድመ ሁኔታ አታድርጉት። ከቤት መውጣት የማይችል ወይም ሰው ጠባቂ የሆነ ልጅ አለ፤ ለእሱ ሁለተኛውን ሳምንት ማራዘም ያስፈልጋል፣ በተመሳሳይ ድርጅት፣ በተመሳሳይ ባለሙያ።

መምህርት፣ ስለ መጨረሻው ገለጻ አልጠየቁም፤ እሱም ይቀየር። 30 ሰው ፊት ለአምስት ደቂቃ መናገር የሚለካው ድፍረትን ነው፣ በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ያልተማሩትን። በምትኩ እያንዳንዱ ተማሪ የመጀመሪያ ረቂቁንና የታረመውን ጎን ለጎን አድርጎ ምን እንደለወጠና ለምን እንደለወጠ በመረጠው መንገድ ለባለሙያው ያስረዳ። ባለሙያው ደግሞ ሥራው ላይ የዋለውን ይንገረው፤ የትኛው እርማት ዝርዝሩ ውስጥ እንደገባ፣ የትኛው ጽሑፍ እንደታተመ። ድርጅቶቹ ይህን ለማድረግ የሚስማሙበትን ቀን አሁኑኑ በስምምነቱ ላይ ያጽፏቸው።


ማውሱን ንቀሉት

ለ20 ደቂቃው ሙከራ አንድ ነገር ልጨምር፦ ማየት የተሳነውን ተማሪ የመጨረሻ አታድርጉት። የመጀመሪያው ይሁን፣ ፋይሎቹ ከመባዛታቸው በፊት። እሱ ያቃተውን አስተካክላችሁ ብትልኩ በስልክ የሚሠሩት ልጆች የሚያነሱት ቅሬታ ግማሹ አብሮ ይቀንሳል፤ ሁለቱም የሚፈልጉት ሊመረጥ የሚችል ጽሑፍ፣ ጠባብ ሰንጠረዥና ቀጥተኛ ርእስ ነውና። ሙከራው ላይ የሚሠራበት ኮምፒውተር የትምህርት ቤቱ ሳይሆን የራሱ ይሁን፤ የድምፁ ፍጥነትና የቁልፍ አቀማመጡ እሱ የለመደው እዚያ ላይ ነው።